ወረራ ግርግር አይደለም፦ ስለ ሰንጠረዥ ስልት የቀረበ ምላሽ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት «ሰንጠረዥ» ሲባል ወደ ልቡ የሚመጣው በመስመር የተከፋፈለ የቁጥር ማስቀመጫ ነው። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» እያለ ይቀጥላል። ቃሉ የጨዋታ ስም እንደ ነበረ፣ ጨዋታውንም ነገሥታትና መኳንንት ተከታዮቻቸው ከበዋቸው እየተንጫጩ ይጫወቱት እንደ ነበረ የሚነግረው ሰው እምብዛም አያገኝም። ቤቶቹ ቀርተዋል፤ ሠራዊቱ ከላያቸው ተነሥቷል።

መረሳቱ ያሳዝናል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሲታወስ የሚታወስበት መልክ ነው። ቼዝ ከሚጫወቱም ታሪክ ከሚያነቡም ሰዎች ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አስተያየት አለ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሰንጠረዥ ያልተገራ ቼዝ ነው። ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እጃቸው እንዳመራቸው ያንቀሳቅሳሉ። ተመልካቹ ይጮኻል፣ እጁንም ይሰድዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ስልት መምረጥና በመረጡት መጽናት ለዚህ ጨዋታ ባዕድ ነው፤ የሚያሸንፈው እጀ ፈጣኑ ወይም ባለ ሥልጣኑ ነው።

ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ አንዳንዶቹ የማከብራቸው ናቸው። ነገር ግን ተሳስተዋል። ግርግር ያሉት ያ ክፍል ስልት የሚመረጥበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ደግሞ በተመረጠው መጽናት ግድ ይሆናል። ሰንጠረዥ እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ መምረጥንና መጽናትን፣ በግልጽ ድንበር ለይቶ ያስቀመጠ ጨዋታ ነው፤ የምሟገተውም ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ጨዋታውን ላስተዋውቅ። ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ሀበሻ ጨዋታዎች ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ቼዝ ታሪክና ሕግ በሰበሰበበት ጥናት ከተውልን ተነሥተን ሰሌዳውን መልሰን መዘርጋት እንችላለን። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ይወጣለታል። እንደ ዛሬው ቼዝ ቤቶቹ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር አይደሉም። ለእያንዳንዱ ወገን 16 ጠጠር አለ፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር፣ ስምንት መደቅ። ፈረስና ደር (በዛሬው ቼዝ ሩክ የሚባለው) ዛሬም እንደሚሄዱት ይሄዳሉ። መደቅ አንድ ቤት ወደ ፊት ይራመዳል፣ በሰያፍ ይበላል፤ መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት መዝለል የለም። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል፣ ስሙ ከዐረብኛና ከፋርስኛ የመጣና ዝሆን ማለት የሆነው፣ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ መካከል ላይ ማን እንደ ቆመ አይገደውም። ንጉሡ ከባለቤቱ አንጻር ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ ይቆማል፣ ፈርዙ በግራው። በመሆኑም ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ የሚያየው የጠላቱን ፈርዝ ነው።

ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ አምስት ጊዜ ቢራመድ ሌላው ሁለት ጊዜ ቢራመድ የሚቆጥር የለም። ይህ ጊዜ ወረራ ይባላል። አንዱ ከሌላው አንድ ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል።

አስተያየት ሰጪዎቹ እዚህ ላይ ይቆማሉ። ከተመዘገበው ውስጥ የሚያልፉት ግን ነገሩን የሚለውጠው ነው፦ በወረራው ጊዜ ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በጥንቃቄ ይመለከቱ ነበር፤ ያንቀሳቀሱትንም መልሰው እያነሡ በሌላ ይተኩት ነበር። እንግዲህ ይህ የእጅ ፍጥነት ውድድር ቢሆን ኖሮ የተራመዱትን መመለስ ምን ይጠቅማል? የሚሮጥ ሰው የሮጠውን አይመልስም። አንድ ሰው ፈረሱን አውጥቶ፣ የተቃራኒውን ፊል አሰላለፍ አይቶ፣ ፈረሱን መልሶ በምትኩ መደቅ ሲገፋ እያሰበ ነው፤ እየመረጠ ነው። ስሙም ቢሆን ግርግርን አያመለክትም። ወረራ የሚወጣ ሠራዊት የት እንደሚሄድ ያውቃል።

የአስተያየቱ ዋና ምስክር ብዙ ጊዜ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቅ እንደ ነበሩ፣ የጠላትን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው እንደሚያስወግዱት፣ የቆመው ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ጠጠር እያነሣ «እንዲህ ቢሆን» እያለ እንደሚያሳይ፣ በመጨረሻም ራስ እንዲያሸንፉ በዘዴ እንደሚደረግ ጽፏል። ምስክርነቱን እቀበላለሁ። የሚደረስበትን መደምደሚያ ግን አልቀበልም።

ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ውስጥ በጥላ ሥር ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች በቆርኪ ይጫወታሉ፣ ስድስት ሰዎች ይጮኻሉ። «ተወው! ይበላሃል!» ይላል አንዱ፤ ሌላው ጣቱን ሰሌዳው ላይ ያደርሳል። ከዚህ ተነሥቶ ዳማ ስልት የለውም የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ከነዚያ ሰዎች ጋር ይጫወት። የተመልካች ጩኸት የሚያሳየው ስልት ጮክ ብሎ የሚነገርበት ባህል መኖሩን ነው፤ የአንድ ሰው ሐሳብ በስድስት ሰው ፊት ይፈተናል። እንዲያውም በመረጡት መጽናት ከምንም በላይ የሚከብደው እዚያ ነው። በዝምታ ክፍል ውስጥ በራስ ሐሳብ መጽናት ቀላል ነው። ጌታም ሎሌም ከጀርባ እየጮኸ በጀመሩት መንገድ መሄድ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ራስ እንዲያሸንፉ መደረጉ ደግሞ ስለ ግቢ ሥርዓት ይናገራል እንጂ ስለ ጨዋታው አቅም የሚናገረው የለም። ከዚህም አልፎ ሶልት እንደሚለው ሰው በዘዴ እንዲያሸንፍ ማድረግ የሚችል ተጫዋች ማሸነፊያውን መንገድ አስቀድሞ ያየ ተጫዋች ነው።

ወደ ጠጠሮቹ እግር ልመለስ፤ ክርክሬ የሚቆመው በዚያ ላይ ነውና።

ዛሬ በምንጫወተው ቼዝ ንግሥት የምትባለው ጠጠር በአንድ እርምጃ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ይህ ኃይል የመጣው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ነው። በንግሥቲቱ ምክንያት ስልት መለወጥ ርካሽ ሆነ። በግራ ልታጠቃ አስበህ ካልተሳካ በሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ታዞራታለህ። በሰንጠረዥ በእርሷ ቦታ ያለው ፈርዝ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት። ከራሱ መደዳ ተነሥቶ የጠላት የመጨረሻ መደዳ ለመድረስ ሰባት እርምጃ ያስፈልገዋል፤ ያም መንገዱን የሚዘጋው ካልተገኘ ነው።

የፊል ነገር ከዚህም ይብሳል። ጨርቅ ዘርግታችሁ ቁጠሩ። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው። የሚያርፈው በመጀመሪያው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው መደዳ ላይ ብቻ ስለሆነ የጠላት ንጉሥ በሚቆምበት በስምንተኛው መደዳ ላይ መቼም አያርፍም። የሁለቱ ወገን አራት ፊሎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤት ስላላቸው እርስ በርስ አይበላሉም። ፈርዝም ቢሆን፣ ንጉሡ መጀመሪያ የቆመበትን ያን አንድ ቤት በሰያፍ እየሄደ ሊደርስበት አይችልም። ሰሌዳው ባለ ሁለት ቀለም ስላልሆነ ይህ ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው ለቆጠረ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የማሸነፊያውን ክብር እንጨምርበት። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። በፊልና በፈርዝ መያዝ የተሻለ ነው። በመደቅ መያዝ ከሁሉ በላይ የሚደነቅ ነበር። እንግዲያው በፊል ላሸንፍ የሚል ሰው ምን ማድረግ አለበት? ንጉሡ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ፊል ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ንጉሡን ከመደዳው አውጥቶ፣ ፊሉ ወደሚደርስባቸው ከስምንቱ ወደ አንዱ ቤት መግፋት ይኖርበታል። ይህ በአንድ ጀምበር የሚወጣ ሐሳብ አይደለም። የትኛው መደቅ መንገድ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ደር ከኋላ እንደሚገፋ፣ ፊሉ ከስምንቱ ቤቶቹ በየትኛው አድፍጦ እንደሚጠብቅ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። በመደቅ ለማሸነፍ የሚመኝ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ በማይችል እግረኛ ላይ ተስፋውን ጥሏል።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ያገኘውን ሁሉ እየበላ የሚሄድ ስስታም ተጫዋች መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝምና ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈርሳል። ንጉሡ ከአንድ ሹም፣ ማለትም መደቅ ካልሆነ አንድ ጠጠር፣ ጋር ብቻ ሲቀር ደግሞ ሹሙ ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መያዝ አለበት። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የጠላትን ጠጠር አውቆ ይተዋል። መብላት እየቻለ መተው የሚችለው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ የወሰነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የሠራ ማኅበረሰብ ስልትን አያውቅም ማለት ለእኔ ውሃ የሚቋጥር ነገር አይደለም።

የጠጠሮቹ እግር እንዲህ አጭር ከሆነ የወረራ ምክንያት ይገለጣል። ቀርፋፋ ሠራዊት በተራ ቢሰለፍ ግማሹ ቀን በመሰለፍ ያልቃል። መሰለፉን አሳጥሮ መተው አንድ መፍትሔ ነበር፤ ወረራ ግን ከዚያ የላቀ መፍትሔ ነው። የመሰለፊያውን ጊዜ ከቆጠራ ነፃ አደረገው፣ ሐሳብ መለወጥንም ፈቀደ፤ ከዚያ በአንድ ጠጠር መበላት በሩን ዘጋው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ፊልህን ወደ ሌላ ግንባር ላዙር ብትል ሦስት አራት ተራ ይበላብሃል፤ ጠላትህ ደግሞ እያንዳንዷን ተራ ይጠቀምባታል። መጽናት ከግትርነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መለወጥ ውድ በሆነበት ሰዓት ካልጸኑ የሚተርፈው እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

እኔና አንድ ባልንጀራዬ ይህን በጨርቅ ላይ ሞክረነዋል። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ፣ ብርዱ ከበር ሥር በሚገባበት የኅዳር ምሽት፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ሰፍተን፣ ለመደቅ ባቄላና ሽምብራ ደርድረን ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ተቺዎቹ እንደሚሉት ነበሩ፦ እጅ በእጅ ይጋጫል፣ ሁለታችንም ለመብላት እንሻማለን። ምሽቶች ሲያልፉ ግን ወረራችን እየቀዘቀዘ፣ እየረዘመም መጣ። አንድ ሰው ሦስት ጠጠር አንቀሳቅሶ እጁን ያጥፋል፣ ያያል። ሌላው አንዱን መልሶ ያነሣል። አንድ ምሽት ባልንጀራዬ መደቄን መብላት እየቻለ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ለምን እንደማይበላ ስጠይቀው «ገና አልተሰለፍኩም» አለኝ። የሁለት የዛሬ ሰዎች ልምድ የጥንቱን አጨዋወት እንደማያረጋግጥ አውቃለሁ። የሚያሳየው ሕጉ ተጫዋቹን ወዴት እንደሚስበው ነው፤ እኛን ያለ መምህር ወደ ዝግታ ሳበን።

የባልንጀራዬ መልስ ወደ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይወስደኛል፤ ከሰማኋቸው ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። «ሁሉ ነገር በግልጽ ከታየ፣ መመለስም ከተቻለ፣ ስልት መምረጥ ትርጉም የለውም። የመረጥከውን ጠላትህ አይቶ መድኃኒቱን ያዘጋጃል። ስለዚህ ብልህ ሰው አይመርጥም፣ ይጠብቃል» ይላሉ። መልካም። ሁለቱም ቢጠብቁስ? ሁለቱም ከጠበቁ ጨዋታ የለም። አንዱ ግን በማንኛውም ሰዓት መደቁን አጋፍጦ በመብላት ጊዜውን ሊቆርጠው ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ያልተሰለፈው የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ መጠበቅ ራሱ ስልት ነው፤ ያውም አደገኛ ስልት። በሌላ በኩል ሁሉ ነገር ስለሚታይ በወረራ ውስጥ በድብቅነቱ የሚኖር ስልት ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ታይቶም የማይፈርስ አሰላለፍ ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገው ጠላቱ ያላየውን መንገድ ሳይሆን፣ ጠላቱ እያየውም ሊዘጋው የሚከብደውን መንገድ ነው። ይህ ከድብቅ ወጥመድ የጠለቀ አስተሳሰብ ይመስለኛል።

ዘመናዊ አሠልጣኞች ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ። ከስልትህ ጋር አትጋባ፣ ሁኔታው ሲለወጥ ተለወጥ ይላሉ። ምክሩ ለአንዳንድ ጨዋታ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮርንሆል የሚሉት የከረጢት ውርወራ አለ። ቀዳዳ ባለው ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ከ8 ሜትር ገደማ ርቀት እያንዳንዱ ተጫዋች አራት አራት ከረጢት ይወረውራል። ቀዳዳው ውስጥ የገባ ሦስት ነጥብ፣ ጣውላው ላይ የቀረ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል፤ የሁለቱ ነጥብ ተቀናንሶ ትርፉ ይመዘገባል፣ 21 የደረሰ ያሸንፋል። ነጥቡ ስለሚቀናነስ የመራ ሰው ብዙ ማግባት አይጠበቅበትም፤ ከረጢቱን ከቀዳዳው ፊት አጋድሞ መንገድ ቢዘጋ ይበቃዋል። ግን ያ የዘጋ ከረጢት ለራሱ ቀጣይ ውርወራም እንቅፋት ነው። እንግዲህ በዚያ ጨዋታ በአንድ ዙር ውስጥ መጽናት ግድ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ጣውላው ይጠረግና ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይመረጣል። የአሠልጣኞቹ ምክር የሚሠራው በዙሮች መካከል ነው። በዙሩ ውስጥ ሐሳቡን የሚቀያይር ወርዋሪ የዘጋውን መንገድ ራሱ ለመክፈት ሲታገል ይገኛል።

ሰንጠረዥ የሚጠረግ ሰሌዳ የለውም። ዙሩ አንድ ነው። ስለዚህ ምክሩን ሳይመዝኑ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው መውሰድ ያሳስታል። ጥያቄው «መለወጥ ይሻላል ወይስ መጽናት?» መሆን አልነበረበትም፤ «መለወጥ መቼ ርካሽ ነው፣ መቼ ውድ ነው?» መሆን ነበረበት። የሸዋ ልጆች መሬት ቆፍረው ገበጣ ሲጫወቱ ይህን ያውቁታል። በአንድ ጉድጓድ ጠጠር ያከማቸ ልጅ ክምችቱን ያለ ጊዜው ከበተነው ሌላ ክምችት እስኪያበጅ ጨዋታው ያልፍበታል።

ወደ አገራችን ታሪክ ልግባ። ሰንጠረዥን ያለ ጦር ሜዳ ማንበብ ጎደሎ ይመስለኛል። ጨዋታው በግቢ ኖሯል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢቺኒ የሚባል አንድ ቬኒሳዊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ቼዝ ይጫወት እንደ ነበር ተመዝግቧል። ፓንክረስት እንደሚለው የጠፋውም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የኢጣልያ ወረራ በኋላ ነው። ከ400 ዓመት በላይ ማለት ነው። እንግዲህ ከደብረ ብርሃን አጠገብ የሆነውን የልቼን ነገር አስቡ።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መንዝ ገቡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም የንጉሠ ነገሥትነት ስም ይዘው፣ ሠራዊታቸውን አሰልፈው ቆመው ነበር። ሁለቱም ተያዩ፣ ሁለቱም ቦታ ያዙ፣ መልእክተኛም ተመላለሰ። ዋናው ጦርነት ሳይገጠም በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ታረቁ። ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ተዉ፣ ግብር ለመክፈል ተስማሙ፣ የሸዋ ንጉሥ ሆነው ዘውዳቸውን ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ተቀበሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያነበዋል፤ ስልት የለሽ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን ለወጠ ይላል።

ሰንጠረዥ ምኒልክን አስተማራቸው አልልም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። የምለው ይህን ነው፦ የጨዋታው ቋንቋ ይህን ድርጊት ከዛሬው የቼዝ ቋንቋ በተሻለ ይገልጸዋል። ልቼ መደቅ ሳይበላ የተፈታ ወረራ ነው። አሰላለፉ ታይቶ፣ ተመዝኖ፣ ነፃው ጊዜ ሳያልቅ ጠጠር ወደ ቤቱ ተመለሰ። መለወጥ ገና ርካሽ በነበረበት ሰዓት ለወጡ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ለ11 ዓመት ያደረጉትን መመልከት ነው። ሰሜኑን ትተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ የንግድ መንገድ ያዙ፣ መሣሪያ አከማቹ። ንጉሡም ከአንኮበርና ከልቼ ወደ እንጦጦ ተሻገሩ። በ1881 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር እንደገና ተፋጠጡ፤ በዚያን ጊዜም ዋናው ጦርነት አልተገጠመም። ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ ዞረው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ወደቁ። በልቼ የሆነውን ሐሳብ መለወጥ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን መጽናት ብለን ብናነብ ሁለቱ አይጣሉም። አንዱ ሌላውን ወልዷል። የእርቁ ውል ለሸዋ ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ ያን ክርክር ለታሪክ ባለሙያዎች እተዋለሁ።

የምሟገተው ከሕጉ ተነሥቼ ስለሆነ ሕጉ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ክርክሬ ይወድቃል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላም ያለ ተራ ይጫወቱ ነበር የሚል ታማኝ ምስክር ቢመጣ፣ ወይም በወረራ የተራመዱትን መመለስ ክልክል ነበር የሚል ቢገኝ፣ ይህን ጽሑፍ ራሴ አርሜ እጽፈዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን «ግርግር» የሚለው ቃል ከሰንጠረዥ ታሪክ ይውጣ እላለሁ። የሰው ልጅ ሐሳቡን ለመለወጥ ነፃ የሆነበትን ሰዓትና የማይሆንበትን ሰዓት እንዲህ አጥርቶ የለየ ጨዋታ ባለቤቶች ነን። ልጆቻችን ቼዝ ሲማሩ ይህን አለመማራቸው ይቆጨኛል።

አንድ ልመና ልጨምር። አንኮበር፣ መንዝ፣ ቡልጋ ወይም ተጉለት ውስጥ አያት ቅድመ አያቱ ግቢ ያገለገሉ ሰው ካለ፣ የቤቱን አሮጌ ሣጥን ቀስ ብሎ ይክፈት። ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተጠረቡ፣ ምን እንደሆኑ የማይታወቁ ትንንሽ ቅርጾች ሊኖሩ ይችላሉ። የተሟሉ ከሆኑ 32 ናቸው፣ ግማሾቹም እርስ በርስ የሚመሳሰሉ መደቆች ናቸው። አጠገባቸው የተጠቀለለ ጨርቅ ካለም ዘርግቶ ይየው። ቀይ ከሆነ፣ መስመሩም በየአቅጣጫው ስምንት ስምንት ቤት ካወጣ፣ እሱ ነው።